የመምህሩ የወይን ጠጅ ጉድጓድ

ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ጭሮ ውስጥ ይህን ነገር የሚያወራ ሰው ብዙ ነው። አንዱ ወይኑ ገደላቸው ይላል፣ አንዱ ልጃቸው ገደለቻቸው ይላል፣ አንዱ ደግሞ እኔን ሲያይ ዝም ይላል። ዝም የሚለው ይሻለኛል፤ የሚያስበውን አውቀዋለሁ። መምህሩ የሞቱት በጉድጓዱ ስፋት ነው። ስፋቱ ልክ እንዳልሆነ ደግሞ ከመቆፈሬ በፊት አውቅ ነበር።

ሥራዬ ግንበኝነት ነው። የአባቴ ሥራ ግን ጉድጓድ ነበር። በእኛ አገር ማሽላ መሬት ተቆፍሮ ነው የሚቀበረው፤ ቦላ እንለዋለን። አፉ አንድ ሰው ተጨናንቆ የሚያልፍበት፣ አንገቱ አንድ ክንድ ተኩል ይሆናል፤ ከዚያ በታች ሆዱ እንደ ቅል ይሰፋል። ውስጡን በአገዳ እሳት ያደርቁታል፣ በእበትና በአመድ ይለቀልቁታል፣ እህሉን ሞልተው አፉን በጠፍጣፋ ድንጋይ ይከድኑና በጭቃ ይመርጉታል። አባቴ ከበደሳ እስከ ቦኬ እየተጠራ ይቆፍር ነበር። ገበሬው ሲጠራው ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚጠይቀው፦ "ለስንት አፍ? እስከ መቼ?" ሰባት ነፍስ፣ እስከሚቀጥለው አጨዳ ካሉት ለሰባት ነፍስ ይቆፍራል። የጎረቤቴ ሰፊ ነው፣ የእኔም ይስፋ የሚለውን ሰው ዶማውን ተሸክሞ ጥሎት ይሄዳል። ያልሞላ ጉድጓድ አየር ይይዛል፣ እርጥበት ይገባዋል፣ እህሉ ይበሰብሳል፣ የበሰበሰው እህል ደግሞ አየሩን ይመርዘዋል። "ቦሊ ዱዋን ነመ ኛታ" ይል ነበር። ባዶ ጉድጓድ ሰው ይበላል ማለት ነው።

ለማስፈራራት ያለው እንዳይመስላችሁ። ታናሽ ወንድሙን በልቶበታል። አጎቴ እህሉ እስከ ግማሽ የጎደለ ጉድጓድ ከፈተና ሳያናፍስ ወረደ፤ ወደቀ። ጎረቤቱ ላወጣው ብሎ ወረደ፤ እሱም ከላዩ ላይ ወደቀ። ሦስተኛው ሊገባ ሲል አባቴ ሽርጡን ይዞ ጎትቶ ጣለው። ሰውየው ሲሳደብ ትዝ ይለኛል። ደንቡን ያን ቀን ተማርኩ። የወደቀው ሰው የሚጮህ ከሆነ ይወረድለታል፤ ዝም ካለ አይወረድም። ወንድምህም ቢሆን፣ አባትህም ቢሆን።

ከዚያ በኋላ ጉድጓድ ጠላሁ። ጭሮ ገብቼ ድንጋይ መጥረብ፣ ብሎኬት መደርደር ጀመርኩ። ማንበብ አላውቅም ነበር። ወረቀት ሲመጣ አሻራ ነው የማደርገው፤ ጣቴን ደግሞ ሲሚንቶ ልጦታል፣ አሻራው አይወጣም። አንድ ጸሐፊ ቀለሙን ሦስት ጊዜ ካስነከረኝ በኋላ "ሰውዬ፣ አንተ የተሠራኸው ከምንድን ነው?" አለኝ። ቢሮው ሙሉ ሳቀ። በአርባ ዓመቴ የጎልማሶች ትምህርት የገባሁት ለዚያ ሳቅ ብዬ ነው። እውቀት ናፍቆኝ አልነበረም።

ያስተማሩኝ እኚህ መምህር ናቸው። ጡረታ ወጥተው፣ ቤት መቀመጥ አላስችል ብሏቸው ነው በቀበሌው አዳራሽ እኛን የያዙት። ሌሎቹ ሲስቁብኝ አልሳቁም፤ አይዞህም አላሉኝም። "ድጋሚ" ብቻ ነው የሚሉት። ከሀ እስከ ፐ ድጋሚ። ስሜን ጽፌ የጨረስኩ ቀን እንኳ ወረቀቱን አዩና "ድጋሚ" አሉ። ይህን የምጽፈው በእሳቸው ድጋሚ ነው። አፌን የፈታሁት በኦሮምኛ ነው፤ በአማርኛ መጻፍ የለመድኩት እሳቸው በአማርኛ ስላስተማሩኝ ነው።

መምህሩ ወይን ጠጅ ይሰበስቡ ነበር። አይሰክሩም። ጠጪ ናቸው የሚላቸው ሰው ውሸታም ነው። አንድ ልጅ ብቻ ነው የነበረቻቸው። እሷ በተወለደች ዓመት አንድ ጠርሙስ ገዝተው፣ ወረቀቱ ላይ የተወለደችበትን ቀን በእጃቸው ጽፈው አስቀመጡ። ለሰርጓ ነው ብለው። በዓመቱ ሌላ ጨመሩ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አምስት። ከአዲስ አበባም ከድሬዳዋም የሚመጣ ሹፌር የእሳቸውን መልእክት ሳይዝ አይመጣም። ሚስታቸው በሕይወት ሳሉ አልጋ ሥር ነበር የሚያስቀምጡት፤ ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ አልጋው ላይም አስቀመጡ።

ልጅቷ አድጋ የገለምሶ ልጅ አገባች። እስላም ነው። እሷም ሰለመች። ሰርጉ ገለምሶ ነበር፤ ፍየል ታረደ፣ ለስላሳ ተጠጣ፣ አባት አልሄዱም። ከዚያ በኋላ ጠርሙስ መግዛቱን ያቆማሉ ብዬ ነበር። ጨመሩ።

አንድ ቀን አስጠሩኝ። ሳሎናቸው ውስጥ ከትምህርት ቤት ያመጡት አሮጌ ጥቁር ሰሌዳ አለ። ፊት ለፊቱ አስቀመጡኝ።

"የአባትህን ሙያ ታውቅ የለም?" አሉኝ።

"ትቼዋለሁ።"

"መተውህን አልጠየቅኩህም። ጉድጓድ ቆፍርልኝ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ቀን ቀን ቤቱ ምድጃ ይሆናል። ማታ ደግሞ የጫት አይሱዙ በአስፋልቱ ሲበር ጠርሙሱ ሁሉ ጥርሱን ያፋጫል። ወይን ጨለማ ይፈልጋል፣ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፣ መንቀጥቀጥ አይወድም። መጽሐፍ ላይ አንብቤዋለሁ።"

"ስንት ነው ያለዎት?"

"ዘጠና ስድስት።"

"የሚጠጣው ማነው?"

"እንዴት ማነው? እኔ ነኛ።"

"ሌላስ?"

ጠመኔውን ጣታቸው ላይ አዞሩት። "እንግዳ" አሉ።

"እንግዳ ይመጣል?"

"አንተ መጥተህ የለም እንዴ?"

"እኔ አልጠጣም፣ መምህር።"

"ለዚያ ነው የጠራሁህ። አንዱንም አታጎድልብኝም።"

ተነሡና ሰሌዳው ላይ መጻፍ ጀመሩ። በዓመት አሥራ ሁለት ይገዛሉ። አራት ይጠጣሉ፤ ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለመስቀል፣ አንድ ደግሞ ልጅቷ ለተወለደችበት ቀን። ስምንት ይተርፋል። በሃያ ዓመት መቶ ስልሳ። ያለው ሲጨመር ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት። "መላወሻ ጨምርበት" አሉና ሦስት መቶ ብለው ከሥሩ ሁለት መስመር አሰመሩ።

"ዕድሜዎ ስንት ነው?" አልኳቸው።

"ስልሳ ዘጠኝ።"

ጠመኔውን ተቀበልኳቸው። ዘጠና ስድስትን ለአራት አካፈልኩ። ሃያ አራት መጣ። ስልሳ ዘጠኝ ላይ ደመርኩት። "ከዛሬ ጀምሮ አንድም ባይገዙ፣ ያለዎት ብቻ ዘጠና ሦስት ዓመት እስኪሞላዎ ይበቃል። ጉድጓድ አያስፈልግም። ጓዳ ውስጥ፣ ፀሐይ በማይመታው ግድግዳ ሥር፣ ሁለት መደርደሪያ እሠራልዎታለሁ።"

ሰሌዳውን ቆመው አዩት።

"ማካፈል ማን አስተማረህ?"

"እርስዎ።"

"ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

ሳቅን። እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። እኔ ግን አፌ አያርፍም፤ የአባቴ ጥያቄ አንዱ ገና አልተመለሰም ነበር። "እስከ መቼ ነው የሚሰበስቡት?" አልኳቸው። "ለሰርጓ ከሆነ ሰርጉ አልፏል።"

ሰሌዳውን በኮታቸው እጅጌ ጠረጉት፤ ኮቱ ነጭ ሆነ። "አንተ ቆፍር" አሉኝ። "እስከ መቼ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።"

ቤት ገብቼ ለሚስቴ ነገርኳት። "ለመጠጥ ቤት ልትሠራ ነው?" አለችኝ።

"ጉድጓድ ነው የምቆፍረው።"

"ለማን?"

"ላስተማሩኝ ሰው።"

"ለጠርሙስ ነው የምትቆፍረው። ወላሂ ሐራም ነው። የመጣ ነገር ቢመጣ አልነገርሽኝም እንዳትል።" መጣም፤ እሷ ግን ነግሬህ ነበር ብላኝ አታውቅም።

ከጓሮው ውሃ የማያቁርበትን ከፍታ መርጬ ቆፈርኩ። ለዘጠና ስድስት ጠርሙስ የሚበቃው ስንት እንደሆነ ክንዴ ያውቀዋል። የቆፈርኩት ግን ሰሌዳው ላይ ለተጻፈው ሦስት መቶ ነው። ፊደል ላስቆጠረኝ ሰው እምቢ ማለት ከበደኝ ብዬ ስናገር ሰው ያዝንልኛል። እሱ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ትዕቢት ነው። ከተማ ውስጥ ቦላ የሚቆፍር ጠፍቷል፤ እህል በማዳበሪያ ከረጢት ሆኗል። ዶማውን ስይዝ እጄ ሥራውን አልረሳውም ነበር። ሆዱ እየሰፋ ሲሄድ ደስ አለኝ። አባቴ ጥሎት የሚሄደውን ሥራ እኔ እያፏጨሁ ጨረስኩት።

ገለባ አነጠፍን፣ ጠርሙሶቹን በጎናቸው አስተኛን። የልጅቷን የልደት ጠርሙስ መምህሩ ራሳቸው ይዘው ወረዱ፤ ከሁሉ ታች፣ ከግድግዳው ሥር አስተኟት። መሰላሉን ሲወጡ እንደ ልጅ ነበር ፊታቸው። ከሥራቸው ግን ጉድጓዱ ከሦስት ሁለት እጁ ባዶ ነበር።

የክዳኑ ድንጋይ ላይ በቀለም "ሳያናፍሱ አይውረዱ" ብዬ ጻፍኩበት። በሕይወቴ ከደብተር ውጭ የጻፍኩት የመጀመሪያው ነገር ነው። መምህሩ ጮክ ብለው አነበቡት፤ ክፍል ውስጥ እንደሚያነቡት።

"ለምንድን ነው የምናናፍሰው?" አሉኝ።

የአጎቴን ነገር ነገርኳቸው።

"ስለዚህ አየሩን የሚያበላሸው እህሉ ነው።"

"አዎ።"

"ጠርሙስስ?"

አሰብኩ። "ጠርሙስ የታሸገ ነው" አልኳቸው። "አይተነፍስም።"

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። በአፌ።

ከዚያ በኋላ ሳያናፍሱ ይወርዱ ነበር። ዓመት ሙሉ ምንም አልሆኑም። ባገኙኝ ቁጥር "ያ ሰው በላ ጉድጓድህ ተገራ" ይሉኛል። እኔም እስቃለሁ። እኔም ሁለት ሦስት ጊዜ አብሬያቸው ሳላናፍስ ወርጃለሁ።

ገለምሶ ለሥራ ስሄድ ስለ ልጃቸው በቀጥታ አይጠይቁኝም። "ገበያው እንዴት ነው?" ይሉኛል። ልጃቸውን ማለታቸው እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። "ገበያው ደህና ነው" እላለሁ። አንድ ጊዜ ተመልሼ መጥቼ "ገበያው ወልዷል፤ ሴት ናት" አልኳቸው። ወደ ጓሮ ሄዱና ሳይመለሱ ቆዩ። ስከተላቸው ጉድጓዱ ውስጥ ቁጭ ብለዋል። "ባዶ ነው እኮ" አሉኝ ከታች። "ይሄ ሁሉ ቦታ ባዶ ነው። ያስጠላል።"

ከዚያ ነው ራሳቸው ወይን ጠጅ መጣል የጀመሩት። ባዶውን ለመሙላት። ከድሬዳዋ በሣጥን ወይን አስመጡ፣ ጨመቁ፣ ስኳር ጨመሩ፣ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ሞሉ። ክረምቱ ሊገባ ሲል በገመድ አድርገን አወረድነው። ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ። የበርሜሉ አፍ በጨርቅ ብቻ ነበር የታሰረው።

"ለምን በክዳኑ አይዘጉትም?" አልኳቸው።

"ከተዘጋ ይፈነዳል" አሉኝ።

ይፈነዳል ሲሉኝ የሚያፈነዳው ምንድን ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ይህን አስቤ የማልጨርሰው ነው። ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ብወለድ ኖሮ አውቀው ነበር። የሚፈላ ነገር እንደ እህል እንደሚተነፍስ፣ ከእህልም እንደሚብስ፣ ጋን አጠገብ ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ አላውቅም፤ ቤታችን ጋን የለም። እሳቸው መጠጡን ያውቃሉ፣ ጉድጓድ አያውቁም። እኔ ጉድጓድ አውቃለሁ፣ መጠጥ አላውቅም። በአንድ ገመድ ሁለት ጫፍ ቆመን በርሜሉን አወረድነው። ዝናቡ እንዳይገባ ክዳኑን ገጥሜ ዙሪያውን በጭቃ መረግኩት። አባቴ እንዳስተማረኝ፤ ጥርቅም አድርጌ።

ሁለት ሳምንት ዘነበ። መምህሩም ብርድ መቷቸው ተኝተው ነበር፤ የከፈተው የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ስልክ ደወሉልኝ። "ቶሎ ና፣ ዶማህን ይዘህ። ልጄ መጥታለች" አሉኝ። ልጄ ሲሉ ከሰማሁ ዓመታት አልፈው ነበር።

ስደርስ ጓሮው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ሂጃብ አድርጋለች፣ ሕፃኗን በጀርባዋ አዝላለች። መምህሩ ከጉንፋኑ ገና አልዳኑም፤ ኮታቸውን ለብሰዋል፣ ያን ጠመኔ የነካውን። በመካከላቸው ብዙ ነገር የተነጋገሩ አይመስሉም። እሷ ስለ መንገዱ ጭቃ ታወራለች፣ እሳቸው ሕፃኗን ከጎን እየሰረቁ ያያሉ።

"አሰላሙ አለይኩም" አልኳት።

"ወአለይኩም ሰላም። አባዬ ጉድጓድ አስቆፈረ ሲሉ ለራሱ መስሎኝ ደንግጬ ነበር" አለችኝ።

"ለራሴም ይበቃል" አሉ መምህሩ። "ይሄ ሰው ሲቆፍር አይሰስትም።"

ስድስት ሰዓት ላይ የባሏ ጓደኛ በመኪናው ወደ ገለምሶ ይመልሳታል። አራት ተኩል ሆኗል። መምህሩ የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ ያቺን ጠርሙስ በዓይኗ እንድታያት። "አትጠጪው" አሏት። "እንድትጠጪው አይደለም። ጽሑፉን ብቻ እይው። የተወለድሽበት ቀን አለበት፣ የእናትሽም ስም አለበት።"

"አየዋለሁ፣ አባዬ። እኔ ምን አልኩ?" አለች።

ጭቃውን ፈልፍዬ ድንጋዩን አነሣሁት። "ትንሽ ይናፈስ" አልኳቸው።

"ለስንት ሰዓት?"

"እስከ ቀትር።"

"በቀትር እሷ የለችም።"

"ቢያንስ መብራት ላውርድበት። ሻማ አለ?"

"አንተ ራስህ ጠርሙስ አይተነፍስም አላልከኝም? ዓመት ሙሉ ወርጄ የለም?" ጽሑፌን በጫማቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። "ተማሪዬ፣ ዛሬ አታስተምረኝ። ዛሬ ጊዜ የለኝም።"

መሰላሉን ያዝኩላቸው። እጃቸውን ልይዝ እችል ነበር፤ የያዝኩት መሰላሉን ነው።

እስከ ደረታቸው ወረዱ፣ እስከ ራሳቸው ወረዱ። ልጅቷ ወደ አፉ ጎንበስ አለችና አፍንጫዋን ሸፈነች። "አባዬ፣ ጠላ ቤት ጠላ ቤት ይሸታል እኮ። ምንድን ነው እየፈላ ያለው?"

እየፈላ ስትል በርሜሉ፣ ጨርቁ፣ ይፈነዳል ያሉኝ፣ ሁሉም ባንዴ መጣብኝ። "ይውጡ፣ መምህር፣ አሁን ይውጡ" አልኩ።

ከታች "አገኘኋት፣ ይቺትና" አሉ። መርዘኛው አየር ከባድ ነው፤ ታች ነው የሚተኛው። ቆመው ቢሆን ምናልባት ይወጡ ነበር። ጠርሙሷ ግን ከሁሉ ታች ነበረች። ጎንበስ ሲሉ አየኋቸው። ሲቀኑ አላየሁም። ገለባው ተንኮሻኮሸ፣ ከዚያ ዝም አለ።

ዝም አለ።

"አባዬ" አለች። አልመለሱም። ሕፃኗን ከጀርባዋ ፈትታ ደረቴ ላይ ጣለችልኝና መሰላሉን ያዘች። ሕፃኗን በአንድ እጄ ይዤ በሌላው ሂጃቧን ከአንገቷ ጋር ጨምድጄ ጎተትኳት። ወደቀች። ተነሣች። እጄን ነከሰችኝ፤ ጠባሳው አሁንም አለ። "ከዚህ አምስት ክንድ አይርቅም እኮ" ትለኛለች። "ይታየኛል እኮ። እሺ አንተ ውረድ። አንተ ነህ የቆፈርከው፣ አንተ ውረድ።"

አልወረድኩም።

ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲጽፍ ለመውረድ ሞከርኩ፣ ሰዎች ያዙኝ ይላል። እኔን የያዘኝ የለም። ጓሮው ውስጥ ከእሷና ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። ደንቡን አውቃለሁ፤ ዝም ካለ አይወረድም። ደንቡ ልክ ነው። ብወርድ ሁለት እንሆን ነበር፤ ከኋላዬ እሷ ስትወርድ ሦስት። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ፈርቼም ነበር። ደንቡና ፍርሃቱ አንድ ላይ ነበሩ፤ የትኛው እንዳስቆመኝ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም።

ጮኽን። ጎረቤት መጣ። ብርድ ልብስ እያስገባን እያወጣን አየሩን ገረፍነው። በገመድ ጫፍ ሜንጦ አስረን ኮታቸውን ለመያዝ ሞከርን፤ ኮቱ ተቀደደ። አስፋልቱ ዳር ያለው ጎሚስታ ኮምፕሬሰሩን በጋሪ እየገፋ አምጥቶ ጎማ የሚነፋበትን ቱቦ ታች ድረስ ሰደደው። ሻማ ስናወርድ ጠፋ። ድጋሚ። ጠፋ። ድጋሚ። አራተኛው ሳይጠፋ ቀረ። ያኔ ወረድኩ።

በጎናቸው ነበር የተኙት፣ እንደ ጠርሙሶቹ። ያቺ ጠርሙስ ብብታቸው ውስጥ ናት። አልተሰበረችም።

ፖሊስ ቃሌን ተቀበለኝ። ጽፎ ሲጨርስ የቀለም ሣጥኑን ገፋልኝ፣ ለአሻራ። "እጽፋለሁ" አልኩት። ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩ። በደንብ ነው ያስተማሩኝ።

ሌላውን ወይን ዕድሩ አወጣው። የሚያደርጉትን ሲያጡ ለአርባቸው አቀረቡት። ድንኳን ተጣለ፣ ወጡ ተሠራ፣ ጠርሙሶቹ በማዳበሪያ ከረጢት ተጭነው መጡ። እኔ ከድንኳኑ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አየሁ። ግማሹ ኮምጣጤ ሆኗል ይላሉ፤ ኮምጣጤውንም ጠጡት። ሃያ አራት ዓመት ይበቃል ብዬ ሰሌዳ ላይ ያካፈልኩት፣ ሃያ ዓመት ይጠራቀማል ብለው የደመሩት፣ ከስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት አለቀ። አንድ ሽማግሌ ወጣ ሲሉ "ትንሽ አነሰ እንጂ ጥሩ ነበር" አሉኝ። የአባቴ ጥያቄ ያኔ ተመለሰ፤ ለስንት አፍ እንደነበረ፣ እስከ መቼ እንደነበረ። ለአንድ ድንኳን ሰው፣ እስከ አርባ ቀን።

ጉድጓዱን እኔው ሞላሁት። የክዳኑን ድንጋይ ጽሑፉን ወደ ታች አድርጌ ከነበርሜሉ ቀበርኩት።

ልጅቷ አላናገረችኝም። በአርባው ቀን መጥታ ከአጥሩ ጥግ ቆማ ነበር፣ ፊቷን አዙራ። ከዚያ ወራት አለፉ። አንድ ቀን የማላውቀው ቁጥር ደወለ። እሷ ናት። ሰላምታ የለም።

"ጠርሙሷ እኔ ጋ ናት" አለችኝ። "ሳጥን ውስጥ አስቀምጬያት ነበር። ሳጥኑ ቆርቆሮ ነው፤ ይግላል። የት ነው የምትቀመጠው?"

"ስንት ናት?" አልኳት። ሞኝ ጥያቄ ነው። ከአፌ ወጣ፤ ልማድ ነው።

"አንድ ናት። አንድ መሆኗን አታውቅም?"

በማግስቱ በሚኒባስ ገለምሶ ሄድኩ። ባሏ ቤቱ በር ላይ ተቀበለኝ። ጫት ነጋዴ ነው፣ ቀጭን ሰው፣ ንግግሩ ዝግ ያለ። መሮና መዶሻዬን አየ፣ ከዚያ ሚስቱን አየ። "እኔ ዙህር ልሰግድ መስጊድ መሄዴ ነው" አለ። "የሚሠራውን አላየሁም። ሲያልቅም አታሳዩኝ።" ጫማውን አድርጎ ወጣ።

የቤቱን ግድግዳ ዞሬ አየሁ። የጭቃ ግድግዳ ነው፣ ወፍራም። ጠዋትም ማታም ፀሐይ የማያየው ከጓዳው በኩል ያለው ነው። ጠርሙሷን በስንዝሬ ለካሁ፤ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት። ያንኑ ያህል ፈለፈልኩ። መላወሻ አልጨመርኩም። ገለባ አድርጌ በጎኗ አስተኛኋት፣ ጽሑፉን ወደ ውጭ አድርጌ፤ ከዚያ ምን ለውጥ አለው ብዬ ወደ ውስጥ ላዞራት ስል "ተዋት" አለችኝ ከኋላዬ። ቆማ ስታየኝ ነበር ለካ። ሕፃኗ የእናቷን እግር ይዛ ቆማለች፤ መራመድ ጀምራለች።

ጭቃውን አቦካሁ። ጠፍጣፋ ድንጋይ ገጠምኩ። ልመርገው ስል እጇን ዘርግታ አስቆመችኝ።

"እዚህ ውስጥ አየር አለ?" አለች።

"የለም" አልኳት። "ልክክ ብላለች።"

እጇን አወረደች። መረግኩት፣ በእርጥብ እጄ አለሰለስኩት። ሲደርቅ ከግድግዳው አይለይም። ዕቃዬን ሰብስቤ ተነሣሁ። ሻይ ጠጣ አላለችኝም፣ ይቅር ብዬሃለሁም አላለችኝ፤ እኔም አልጠየቅኩ።

በሩ ጋ ስደርስ "ስትወጣ ዝጋው" አለችኝ።

ዘጋሁት።